የስስት ሚዛን፤ ከዝቋላ እስከ እንጦጦ በሥዕልና በምሳሌ ስለ ተነገረው ንፍገትና ፍዳው

አቃቂ በሰቃ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወርደው መንገድና በቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ አጠገብ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን ዛሬ የአዲስ አበባ አካል ሆናለች። የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በጣቢያነቷ፣ በ1939 በአቃቂ ወንዝ ላይ በተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ኋላም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስሟ የታወቀ ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የቱለማ ኦሮሞ የግጦሽና የእርሻ ምድር ነበረች። ሜዳዋ ገላጣ ነውና ተራሮች በአራቱም ማዕዘን ከበዋት ይታያሉ፤ በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪና ወጨጫ፣ በደቡብ ዝቋላ፣ በሰሜን እንጦጦ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ተራሮች መካከል ሁለቱ ስለ መስጠትና ስለ መንፈግ የሚነገር ታሪክ አላቸው። በደቡብ፣ ከዝቋላው ገዳም ጋር በተያያዘው ታሪክ፣ አንድ ጻድቅ የዓይኑን እንባ ለተጠማች ወፍ ያጠጣል። በሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ ስላለው ስለ ሱሉልታ ተራራ በሚነገረው ተረት ደግሞ፣ አንድ ባለጸጋ በሩቅ የታየውን የእሳት ብርሃን እንኳ እንደ ዋጋ ቈጥሮ ለአገልጋዩ የተወራረደውን ይነፍጋል። በእነዚህ በሁለቱ ታሪኮች መካከል እንዳለው ሜዳ ሁሉ፣ በኢትዮጵያ ስለ ስስት የተነገሩትና የተሣሉት ምሳሌዎችም ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው የሚዘረጉ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ምሳሌዎች ስስት ምን ተብሎ እንደ ተገለጠ፣ ፍዳውም በምን መስፈሪያ እንደ ተሰፈረ መመርመር ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ስስት ክፉ ነው፣ ስስታምም ይቀጣል ማለት በየአገሩ ያለ ትምህርት ነውና። ዳሩ ግን ቅጣቱ በምን ዓይነት እንደሚመጣ በጥንቃቄ ለተመለከተ ሰው በምሳሌና በምሳሌ መካከል ትልቅ ልዩነት ይገኛል፤ ከዚያም ልዩነት ምሳሌው ለማን እንደ ተነገረ፣ ለድኻው ወይስ ለባለጸጋው፣ ለመረዳት ይቻላል።

፩. የቃሉ ነገር

አማርኛ ለዚህ ጠባይ ብዙ ስም አለው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። «ስስት» ከግዕዙ «ስስዕት» የመጣ ሲሆን መነሻው የሆድ ነገር ነው፤ ጠግቦ አለመጥገብን፣ በልቶ አለመርካትን ያመለክታል። «ስግብግብ» የሚለው ቃል ችኰላውን ይጨምርበታል፤ ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው በዓይን ይታያል። «ቋጣሪ» የሚባለው ያለውን በጨርቅ ጫፍ ቋጥሮ የሚይዝ ነው። «ንፉግ» ግን ከሁሉ ይለያል። የንፉግ በደል ለራሱ ብዙ በመፈለጉ ሳይሆን ለሌላው ጥቂቱን በመከልከሉ ነው። ስስታም ብቻውን በምድረ በዳ ቢቀመጥ ስስታም ሊባል ይችላል፤ ንፉግ ለመባል ግን የሚለምን ሰው በደጁ መቆም አለበት።

በሌላም በኩል «መሳሳት» የሚለው ግሥ የፍቅር ቃል ሆኖ ይገኛል። እናት ለልጇ ትሳሳለች፤ ሽማግሌ ለመጨረሻ ልጁ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ቃሉ እንዳይጠፋ መፍራትን፣ እንዳይጐዳ መጠንቀቅን ያሳያል። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ስስትን ከፍቅር ፈጽሞ አላራቀውም፤ ለሰው ሲሆን ርኅራኄ፣ ለገንዘብ ሲሆን ነውር አድርጎ በአንድ ሥር አበቀላቸው። የሥዕሎቹና የምሳሌዎቹም ክርክር በዚሁ ላይ ነው፤ ሰው የሚሳሳው ለምንድር ነው?

፪. በእንስሳት የተነገሩ ምሳሌዎች

በመጽሐፍ የታወቁት የስስት ምሳሌዎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት አንዱ በር የዐረብኛ መጻሕፍት ትርጕም ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ያለፈው የእንስሳት ምሳሌ መጽሐፍ በ8ኛው መቶ ዓመት በኢብን አል ሙቀፋ እጅ «ከሊላ ወዲምና» ተብሎ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። ይህ ጸሓፊ በመግቢያው ላይ የእንስሳቱ መልክ በልዩ ልዩ ቀለም መሣሉ የነገሥታትን ልብ ለማስደሰትና መጽሐፉን ለማስወደድ መሆኑን ገልጧል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከጅምሩ የምሳሌው ባልደረባ ነበረ። መጽሐፉ በግዕዝም ይታወቅ እንደ ነበረ የሚያመለክተው የእጨጌ ዕንባቆም «አንቀጸ አሚን» ነው። ዕንባቆም ከየመን መጥቶ በክርስትና የተጠመቀ፣ በመጨረሻም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነ ሊቅ ሲሆን፣ ይህንን መጽሐፍ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሲጽፍ ከሊላ ወዲምናን ጠቅሶታል።

በከሊላ ወዲምና ውስጥ ስለ ስስት ከሚነገሩት አንዱ የተኵላው ምሳሌ ነው። አንድ አዳኝ ድኵላ ገድሎ ሲመለስ ከርከሮ አጋጥሞት ተዋጉና ሁለቱም ሞቱ። ተኵላ መጥቶ ሦስት ሬሳ አገኘ። ይህን ሁሉ ሥጋ ለኋላ ላስቀምጥና ዛሬ የቀስቱን ጅማት ልብላ አለ። ጅማቱን በጥርሱ ሲበጥሰው የተወጠረው ቀስት ፈንጥሮ ገደለው። እዚህ ላይ ፍዳው በራሱ በስስቱ ሥራ ውስጥ አለ፤ ፈራጅ የለም፣ የተበደለም የለም። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ የተነገረው፣ አጥንት በአፉ ይዞ በውኃ ውስጥ ጥላውን አይቶ ያንንም ለመንጠቅ ሲል የያዘውን የጣለው ውሻም እንደዚሁ ነው። በአማርኛ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ይህንኑ ነገር ያለ ውሻና ያለ ወንዝ በአንድ ቤት ውስጥ ይጨርሰዋል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለውም ከሥጋው ይልቅ የማይበላውን ስለሚያገኝ ስግብግብ ይናገራል።

ዕንባቆም በ1553 በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን ወደ ግዕዝ የመለሰው የበረለዓምና የይዋሰፍ መጽሐፍም ከዚሁ ከሕንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ሥረ ነገሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንት ተረድተውታል። የግዕዙን ቅጅ ዋሊስ በጅ በ1923 ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋር አሳትሞታል። በውስጡ ከሚገኙት ምሳሌዎች አንዱ የአዳኙና የወፉ ነገር ነው። የተያዘው ወፍ ሦስት ምክር እሰጥሃለሁና ልቀቀኝ አለ፤ የማይደረስበትን አትሻ፣ ባለፈው ነገር አትጸጸት፣ የማይታመነውን አትመን። አዳኙ ከለቀቀው በኋላ ወፉ በሆዴ ከሰጐን ዕንቍላል የሚበልጥ ዕንቍ አለ ቢለው ሰውየው በጸጸት ሊሞት ደረሰ፤ ወፉ ራሱ ከዕንቍላሉ እንደሚያንስ እንኳ አላሰበም። ሌላው በጕድጓድ የተንጠለጠለው ሰው ነው። ከላይ አውሬ ያባርረዋል፣ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፣ የያዘውን ቍጥቋጦ ጥቍርና ነጭ አይጦች ይቈርጡታል፤ እርሱ ግን ከቅጠሉ የምትንጠባጠበውን የማር ጠብታ ይልሳል። ይህ ምስል በጣልያን አገር በፓርማ ከተማ በ1196 በተጀመረው የጥምቀት ቤት በር ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል።

እነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ስስታሙ ሞኝ ነው፤ ሒሳቡን አላወቀም፤ ስለዚህ ያለውን አጣ። የሚሰጡትም ምክር የጥንቃቄ ምክር ነው። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ የሚለምን ሰው የለም። ከዚህ የተነሣ ስስትን እንጂ ንፍገትን አይፈርዱበትም፤ ሀብታም ሰው እነዚህን ምሳሌዎች ሰምቶ ከመደንገጥ ይልቅ ያለውን ይበልጥ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል።

፫. በግድግዳና በብራና ላይ

የሚለምነው ሰው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቅድስቱ ቆመው የመቅደሱን ግድግዳ ሲመለከቱ፣ ፊደል ያልቈጠረው ሁሉ የሚያነበው መጽሐፍ እርሱ ነው። ለዚህ ንባብ የሚረዳ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ሠዓሊው ደጉን ሰው ፊቱን መልሶ ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ ሲሥለው፣ ክፉውን ግን በጐኑ አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። በጸሎተ ሐሙስ ራት ሥዕል ይሁዳን ከዐሥራ አንዱ ለመለየት ጽሕፈት አያስፈልግም። ነገሩ በሌላ መንገድም ሊተረጐም ይችላል፤ ባለ አንድ ዓይኑ ሰው ወደ ተመልካቹ አይመለከትም፣ ዓይኑ በሚፈልገው ነገር ላይ ብቻ ተተክሏል።

ስለ ባለጸጋና ስለ ድኻ የሚናገረው ዋናው ምሳሌ በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ነው። በወንጌሉ ንባብ ድኻው አልዓዛር ተብሎ ሲጠራ ባለጸጋው ስም የለውም፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን «ነዌ» ይሉታል። ይህ ስም የአገር ቤት ፈጠራ አይደለም። በግብጽ በተገኘውና በ3ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ በሚገመተው የቦድመር ፓፒሩስ በተባለው የግሪክ ቅጅ ባለጸጋው «ኔዌስ» ይባላል፤ በሰዒዳዊው የቅብጥ ትርጕምም «ኒኔዌ» ተብሏል። እንግዲህ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተረሳው የንፉግ ስም በዓባይ ሸለቆና በኢትዮጵያ ደጋ ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው። ስም ያለው ንፉግ ደግሞ ስም ከሌለው ይልቅ ጐረቤት ይመስላል።

የነዌ ምሳሌ አቀማመጡ ለሠዓሊ የተመቸ ነው። በአንድ ወገን ማዕድ፣ በደጅ ቍስሉን ውሾች የሚልሱት ድኻ፤ በሌላው ወገን አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ፣ ነዌ በእሳት ውስጥ። ነዌ በሲኦል ሆኖ የሚለምነው ማዕዱን ወይም ቀይ ልብሱን አይደለም፤ በጣት ጫፍ የምትነካ የውኃ ጠብታ ነው። በደጁ የነበረው ሰው የለመነው የወደቀ ፍርፋሪ ነበርና፣ ፍዳው በዚያው በፍርፋሪው ልክ ተሰፈረ። ይህ ከተኵላውና ከውሻው ምሳሌ ፈጽሞ የተለየ ነው። ነዌ በሒሳብ አልሳተም፣ ሀብቱም በእጁ ሳለ ሞተ። የተቀጣው ያለውን በማጣት ሳይሆን የነፈገው ነገር መጠን ወደ እርሱ በመመለሱ ነው።

ይህን መስፈሪያ እስከ መጨረሻው ያደረሰው በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ተአምረ ማርያም በዓፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ ልጃቸው ዓፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) በበዓላት እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩለት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በሥዕል ከተጌጡት የብራና መጻሕፍት ዋነኛው ሆነ። የበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚታሰበው በየካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ነው።

ታሪኩ ሲጀመር በሀገረ ቅምር የሚኖረው ሰው ስስታም አልነበረም፤ እንዲያውም እንግዳ ተቀባይ ነበረ። በአብርሃም የቀናው ሰይጣን በእንግዶች አምሳል መጥቶ ልጅህን እረድልን አለው፤ እርሱም አረደ፣ ከሥጋውም ቀመሰ። ከዚያ በኋላ የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ አላሰኘውም። ቤተ ሰቡን ጨርሶ ወደ ሜዳ ወጣ፤ የበላቸውም ሰዎች 78 ሆኑ። አንድ ቀን መላ አካላቱ በቍስል የተመታ ሰው አግኝቶ፣ ቍስለኛው ውኃ አጠጣኝ ብሎ በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳንም ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሰውየውም ከሞተ በኋላ 78ቱ ነፍሳት በአንድ የሚዛን ወገን፣ ያች ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ሆነው ተመዘኑ፤ እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብትጥል ውኃው ደፋ።

በጥንታዊት ግብጽ «መጽሐፈ ምውታን» የሟቹ ልብ በሚዛን ተደርጎ ከእውነት ላባ ጋር ሲመዘን ይታያል፤ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን ሲመዝን ይሣላል። በእነዚያ ሚዛኖች የሚመዘነው ሰውየው ራሱ ነው። በበላዔ ሰብእ ሚዛን ግን የሚመዘነው የሰጠው ነገር ነው። ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ 78 ነፍስ በጥርኝ ውኃ እንዴት ይካካሳል ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ የተበሉት ሰዎች በሥዕሉ ላይ በሚዛኑ ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉና። ሠዓሊው አልሰወራቸውም። ምሳሌው የሚለው ግድያው ቀላል ነው ማለት ሳይሆን፣ ሆዱ ከሰው ሁሉ የሰፋው ሰው እንኳ በመጨረሻ የሚመዘነው ለለመነው በሰጠው ወይም በነፈገው ነው ማለት ነው። ነዌ ጠብታ ነፍጎ ጠብታ አጣ፤ በላዔ ሰብእ ጥርኝ ሰጥቶ ዳነ። ሁለቱ ሥዕሎች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው የሚነበቡ ናቸው።

ሦስተኛው ከአቃቂ ሜዳ በደቡብ በኩል የሚታየው የዝቋላው ታሪክ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍ ብሎ በአናቱ ላይ ሐይቅ ያለው ይህ ተራራ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ የጻድቁ ዓመታዊ በዓል በመጋቢት 5 እና በጥቅምት 5 ይከበራል። ጻድቁ ሰውነታቸው በጠጕር ተሸፍኖ፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው፣ በውኃ ጥም የተያዘች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይሣላሉ። እዚህ ሥዕል ላይ ሚዛን የለም፤ የሚያስፈልግም አይደለም። ሰጪው ከሰውነቱ በቀር ምንም የሌለው ነውና፣ የሚሰጠው ጠብታ የሀብቱ ሁሉ ልክ ነው። ነዌ ከጓዳው መስጠት የተሳነውን መናኙ ከዓይኑ ሰጠ።

፬. በተራራ ላይ የታየው እሳት

በሰሜን በኩል ያለው ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በገበያና በፍርድ አደባባይ የሚነገር ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው በ1950 በኒው ዮርክ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ተረት ሲሆን፣ ሥዕሎቹን የሣላቸው ሮበርት ኬን ነው።

ሀብቶም ሐሰይ የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ ገንዘብ የሚገዛው ነገር ሁሉ ስለ ነበረው ሁሉንም ሰለቸው። አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት እሳት እየሞቀ ሳለ፣ ሰው ያለ ልብስ በሱሉልታ ተራራ ራስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሊያድር ይችላልን? ብሎ ጠየቀ። ከጕራጌ አገር የመጣው አገልጋዩ አርሃ እችላለሁ ቢለው፣ መሬትና ቤት ከብትም ሊሰጠው ተወራረደ። አርሃ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሄዶ ተማከረ፤ ሽማግሌውም በሸለቆው ማዶ ባለው ዐለት ላይ እሳት አነድልሃለሁ፣ ዓይንህን ከእርሱ ሳትነቅል ሙቀቱንና ወዳጅነቴን እያሰብህ እደር አለው። አርሃ እንደዚህ አድርጎ አደረ። ነጋዴው ግን ነገሩን በሰማ ጊዜ እሳት አይተሃልና ውሉ ፈርሷል ብሎ ነፈገው፤ ዳኛውም ለነጋዴው ፈረደ። በኋላ ኃይሉ የተባለ ጨዋ ሰው ዳኛውንና ሀብቶምን ጨምሮ ብዙ እንግዶችን ግብር ጠራ። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ማዕድ ግን አልቀረበም። እንግዶቹ ቢያጕረመርሙ፣ በሩቅ የታየ እሳት ካሞቀ ሽታውስ ለምን አያጠግብም አላቸው። ነጋዴውም አፍሮ የተወራረደውን ሰጠ።

ይህ ተረት በብዙ አገር ዘመዶች አሉት። በቱርክ አገር የሚነገረው ነስረዲን ሖጃ በሩቅ ሻማ ሞቀሃል ተብሎ ውርርዱን ሲከለከል፣ ምግብ ላብላችሁ ብሎ ጠርቶ ድስቱን ከሻማ በላይ በሩቅ ይሰቅለዋል። በሕንድም የንጉሥ አክበር አማካሪ ቢርባል በተመሳሳይ ምክንያት ድስቱን ከእሳቱ እጅግ አርቆ ይጥደዋል። በፈረንሳይ ራብሌ በ16ኛው መቶ ዓመት ስለ ጥብስ ሽታ ክፍያ የጠየቀውን ሰው ዋጋው በገንዘብ ድምፅ እንደ ተከፈለው ይተርካል። የነገሩ ሥር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በማስረጃው ላይ ነው። ሖጃና ቢርባል ሙቀት በሩቅ እንደማያበስል በድስት ያሳያሉ፤ ይህ የተፈጥሮ ክርክር ነው። የኢትዮጵያው ተረት ግን ንፉጉን በግብር ላይ አስቀምጦ ያስርበዋል። ግብር ለጌታ የሚገባ፣ ከጌታም ለሕዝብ የሚመለስ ማዕድ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ተጠርቶ ሳይበሉ መቀመጥ ከክርክር ሁሉ የበለጠ ፍርድ ነው። እዚህም ላይ ፍዳው በነፈገው ነገር ልክ ነው፤ ሩቅ ብርሃንን እንደ ሙቀት የቈጠረው ሰው ሩቅ ሽታን እንደ ምግብ ይቈጥር ዘንድ ተገደደ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው፣ የሀብቶም ንፍገት ከማጣት አልተወለደም፤ ከጥጋብ ተወለደ። ሰው በብርድ ሲሠቃይ ማየት የሰለቸ ልቡን ያጫውተው ዘንድ ፈለገ። ሁለተኛው፣ አርሃን ያሞቀው እሳቱ እንዳልሆነ ተረቱ በግልጥ ያውቃል፤ ያሞቀው ስለ እርሱ የሚነቃ ሰው በማዶ መኖሩ ነው። ነጋዴው ዋጋ የጠየቀበትም በእውነቱ ይህ ነው፤ አንዱ ድኻ ለሌላው የሰጠውን ወዳጅነት። በሌሊት ከአቃቂ ሜዳ ሆኖ የተራራ እሳት ያየ ሰው ሙቀቱ ወደ እርሱ እንደማይደርስ ለመረዳት ዳኛ አያስፈልገውም።

፭. ከብራና ወደ ማተሚያ

የሕንዱ የምሳሌ ወንዝ ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ጊዜ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ላ ፎንቴን የመጀመሪያዎቹን የምሳሌ መጻሕፍቱን በ1668 ካሳተመ በኋላ፣ በ1678 በወጣው ተከታይ ክፍል ብዙውን ነገር ከሕንዳዊው ጠቢብ ከቢድፓይ እንደ ወሰደ ገልጧል፤ ይህም የከሊላ ወዲምና ሌላ ስም ነው። በ1916 በመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤል የፈረንሳይኛ ትምህርት ነበራቸውና፣ በ1940ዎቹ «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው ምሳሌን በአማርኛ ግጥም አቅርበው ለትምህርት ቤት ንባብ አደረጉት። ዕንባቆም በዐረብኛ በኩል የቀዳው ውኃ እንዲህ ከ400 ዓመት ያህል በኋላ በሌላ ማድጋ ተመለሰ። በ1950ዎቹም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች ከየአውራጃቸው የሰበሰቡትን ልማድና ተረት በጽሑፍ ማኖር ጀመረ።

የማተሚያው ዘመን ብዙ ጥቅም አምጥቷል፤ ምሳሌውን ግን በከፊል ለውጦታል። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ቅድስት ቆመው ያዩት ነበር፤ ነዌን ሲያዩ አንዱ የሌላውን ዓይን ማምለጥ አይችልም። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን የስስት ምሳሌ የሚነገረው ለሕፃን ነው። ሕፃን ደግሞ የሚነፍገው ብዙ ነገር ስለሌለው ትምህርቱ «በቃኝ በል» ወደሚለው ያዘነብላል። ይህ ምክር መጥፎ አይደለም፤ ዳሩ ግን ለድኻ ብቻ ሲነገር ለንፉግ ይጠቅማል። በነዌ ምሳሌ አልዓዛር በቃኝ እንዲል ማንም አልመከረውም።

፮. በመጽሐፉ ላይ የደረሰው

ስለ ስስት የተጻፉትና የተሣሉት ነገሮች ራሳቸው ከስስት አላመለጡም። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘና ዓፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከግምጃ ቤቱ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ከገዢዎቹ አንዱ ነበረ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ወደዚያ ሙዚየም ገቡ።

ከመቅደላ ከወጡት መካከል ሌዲ ሚውስ የተባሉ እንግሊዛዊት ባለጸጋ የያዟቸው በሥዕል የተጌጡ የተአምረ ማርያም መጻሕፍት ይገኙ ነበር። ዋሊስ በጅ በ1900 ከ111 ባለ ቀለም ሥዕሎች ጋር አሳተማቸው፤ የቅምሩ በላዔ ሰብእ ታሪክም በዚያ ይገኛል። ሌዲ ሚውስ በ1910 ሲሞቱ የኢትዮጵያ መጻሕፍታቸው ለዓፄ ምኒልክ እንዲመለሱ ተናዘው ነበር። ኑዛዜው ግን በፍርድ ቤት ተሻረና መጻሕፍቱ ተሸጠው የአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለሀብት የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ንብረት ሆኑ። ጥርኝ ውኃ የሰጠ ሰው የዳነበትን መጽሐፍ፣ ባለቤቷ ልትሰጠው ወድዳ፣ ወራሾችና ገበያ ነፈጉት።

በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር ወደ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ፣ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው በጓዱ ሠዓሊ በጋስቶን ሉዊ ሩ የተሠሩ ሥዕሎችን ተክሎ ሄደ። የጓዱ ጸሓፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የጕዞ ማስታወሻ የሥራውን አኳኋን አልደበቀም። ሥዕሎቹ ፓሪስ ደርሰው ተጠብቀዋል፤ ብዙ ተመራማሪም አይቷቸዋል። ይህ ጥቅም መካድ የሌለበት ነው። ነገር ግን የሥዕል ጥበቃ ሲባል ሥዕሉ የተሣለለትን ሕዝብ መንፈግ ከሆነ፣ ጥበቃው ቋጣሪነት ይሆናል፤ የነዌም ጓዳ ዕቃውን ሳያበላሽ በመጠበቅ አይታማም ነበር።

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ በኢትዮጵያ በሥዕልና በቃል የተነገሩት የስስት ምሳሌዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ከሕንድና ከዐረብ በመጻሕፍት የመጡት ስስታሙን እንደ ሞኝ ያዩታል፤ ፍዳውም ኪሣራ ነው። በቅድስቱ ግድግዳና በሱሉልታ ተረት የሚገኙት ግን ንፉጉን እንደ በደለኛ ያዩታል፤ ፍዳውም በነፈገው ትንሽ ነገር ይሰፈራል፤ በጠብታ፣ በጥርኝ፣ በሩቅ ብርሃን፣ በወጥ ሽታ። መስፈሪያው ትንሽ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ትልቅ ነገር የነፈገ ሰው አልነበረኝም ሊል ይችላል፤ ጠብታ ለነፈገ ግን ምክንያት የለውም። ስለዚህ እነዚህን ምሳሌዎች ለትምህርት የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሥዕሉ ላይ የሚለምነው ሰው እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ይገባዋል፤ እርሱ ከጠፋ ነዌ ራት የሚበላ ጨዋ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራልና።